አንድ የመስመር ሠራተኛ፣ ሁለት ዓይነት ወረቀት፦ ከሄሪኬን ማሪያ በኋላ የፖርቶ ሪኮ መብራት ጥገና ውሎች

ፖርቶ ሪኮ ጨለማ በዋጣት በስድስተኛው ቀን የደሴቲቱ መብራት ኃይል ባለሥልጣን (ፕሬፓ) ዋይትፊሽ ኢነርጂ ከሚባል የሞንታና ድርጅት ጋር ውል ገባ። ኦክቶበር 17 ቀን 2017 የውሉ መጠን 300 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። አውሎ ነፋሱ ሲመታ ድርጅቱ የነበሩት ቋሚ ሠራተኞች ሁለት ብቻ ናቸው። (ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ዘመድ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ያኔም በየሸንጎው ተነስቷል። እዚህ የምናየው ግን ሌላውን ገጽ ነው። ማንም የማንም ዘመድ ባይሆን እንኳ፣ ያ ውል የተከፈለበትን ገንዘብ ከፌዴራል መንግሥት ለማስመለስ የሚያበቃ ወረቀት አልነበረም። ችግሩም የተወለደው ከማዕበሉ በፊት ነው፤ መደርደሪያው ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ የአደጋ ጊዜ ሰነድ ስላልነበረ፣ በጭንቀቱ ሰዓት ሥራ ተቋራጩን የሚጠቅም ወረቀት ተፈረመ።

ማን ይከፍላል፣ በምን ላይ ተመሥርቶ

ማሪያ ሴፕቴምበር 20 ቀን በያቡኮዋ በኩል ስትገባ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ኢርማ የተባለች ሌላ አውሎ ነፋስ በሰሜን በኩል ነክታ አልፋለች። 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞች በሙሉ መብራት አጡ። ፕሬፓ 3,900 ኪሎ ሜትር ገደማ የማስተላለፊያ መስመርና 48,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የማከፋፈያ መስመር ነበረው። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ደግሞ 9 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ተሸክሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። በካዝናው ገንዘብ የሌለው ድርጅት ነው እንግዲህ በአሜሪካ ታሪክ ከታዩት ትልልቅ የጥገና ሥራዎች አንዱን ሊያሠራ የተነሳው።

ስታፎርድ በሚባለው የ1988 ሕግ መሠረት የመንግሥትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሆኑ መብራት አቅራቢዎች ብቁ ከሆነው ወጪያቸው ቢያንስ 75 በመቶውን ከፌዴራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ (ፌማ) ያስመልሳሉ። የባለአክሲዮን ኩባንያዎች ይህ ዕድል የላቸውም፤ እነሱ ወጪውን ለታሪፍ ተቆጣጣሪው አስረድተው ከደንበኛው ወርሃዊ ሂሳብ ላይ ነው የሚለቅሙት። ለፖርቶ ሪኮ በተለየ ሁኔታ የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ ወጪ ለ180 ቀን 100 በመቶ እንዲሸፈን ተፈቅዶ ነበር።

ፌማ ሥራ አይገዛም፤ ሌላው የገዛውን ሥራ ወረቀት አይቶ ይተካል። ወረቀት የሌለው ሥራ ምሰሶው ቆሞ፣ አምፖሉ በርቶም ቢሆን እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ወረቀቱ ኖሮ ደንቡን ከጣሰም ያው ነው። የግዥው ደንብ ለአስቸኳይ ጊዜ በሩን ይከፍታል፤ ያለ ጨረታ በቀጥታ መግዛት ይቻላል። የማይለቃቸው ነገሮች ግን አሉ፦ የዋጋ ትንተና፣ የኦዲት መብት፣ በሰዓትና በዕቃ የሚከፈል ውል ከሆነ የክፍያ ጣሪያ፣ «ወጪ ሲደመር ይህን ያህል በመቶ» የሚል ውል መከልከሉ፣ ድርጅቱ ከፌዴራል ሥራ ያልታገደ መሆኑ። አስቸኳይ ጊዜው ሲያበቃ ደግሞ በሩ ይዘጋል፤ የቀረው ሥራ በጨረታ መውጣት አለበት።

ውሉን ስናነበው

የዋይትፊሽ ውል ውስጥ ኦዲተርን ከወንበሩ የሚያስነሱ ሁለት አንቀጾች አሉ። አንደኛው፣ ፕሬፓ ይህን ውል ሲፈርም ፌማ ውሉን መርምሮ ያጸደቀው መሆኑን ያረጋግጣል ይላል። ፌማ አላጸደቅሁም ብሎ በይፋ አስተባበለ፤ ስለ አፈራረሙም ትልቅ ሥጋት እንዳለው ተናገረ። እንዲያውም የኤጀንሲው ልማድ ውል ማጽደቅ አይደለም፤ ከተፈረመ በኋላ ወጪው ብቁ ነው አይደለም ብሎ መወሰን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ውል ሁሉ ገና ከመነሻው ስህተት አለበት።

ሁለተኛው ይብሳል። በሰዓት ክፍያው ውስጥ ወጪው ስንት፣ ትርፉ ስንት እንደሆነ ፕሬፓም፣ የደሴቲቱ መንግሥትም፣ ፌማም ኦዲት የማድረግ መብት የላቸውም ይላል። የዋጋ ትንተና ግዴታ በሆነበት ደንብ ሥር፣ ዋጋው እንዳይተነተን በፊርማ ተከልክሏል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሥራው ቢዘገይ ተቋራጩ እንዳይጠየቅ የሚያደርግ አንቀጽ ተጨምሯል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው፤ እዚህ ግን ለቀማው ዓመታት ፈጀ።

አሁን ወደ ዋጋ ዝርዝሩ። የዋይትፊሽ የራሱ የተካነ የመስመር ሠራተኛ በሰዓት 227.88 ዶላር፣ በንዑስ ተቋራጭ በኩል የመጣ ከሆነ 319.04 ዶላር ይጠየቅለታል። ለማደሪያ በሰው በቀን 332 ዶላር፣ ለምግብ 80 ዶላር ገደማ። በማዕበል ጊዜ የተለመደው የሥራ ቀን 16 ሰዓት ሥራ፣ 8 ሰዓት ዕረፍት ነው። 319.04 በ16 ሲባዛ 5,104.64 ዶላር ይመጣል፤ ማደሪያና ምግብ ሲታከል የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሂሳብ ከ5,500 ዶላር ያልፋል። አምስት እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ያሉት ቡድን፣ መኪናው ሳይቆጠር፣ በቀን ከ27,000 ዶላር በላይ ነው።

በንዑስ ተቋራጭነት ከመጡት መካከል ከፍሎሪዳ የኪሲሚና የሌክላንድ ከተሞች መብራት ኃይል ሠራተኞች ነበሩበት። የሚከፈላቸው መነሻ ደመወዝ በሰዓት ከ42 እስከ 63 ዶላር እንደነበረ ጋዜጦች ዘግበዋል። ልዩነቱ በሙሉ ትርፍ ነው ማለት አይቻልም፤ ትርፍ ሰዓት፣ ጥቅማ ጥቅም፣ ጉዞ፣ ኢንሹራንስና አስተዳደር አለበት። ስንቱ የየትኛው እንደሆነ መጠየቅ ግን በውሉ ተከልክሏል። የሚያስቆጨው ደግሞ እነዚያው ሰዎች፣ እነዚያው መኪኖች፣ ከዚያው ከፍሎሪዳ በሌላ ወረቀት በወጪ ዋጋ ሊመጡ ይችሉ የነበረ መሆኑ ነው።

ሌላው ወረቀት

ያ ወረቀት የመረዳጃ ስምምነት ነው። በአሜሪካ የሕዝብ ኃይል ማኅበር ሥር ከ2,000 በላይ የከተማና የመንግሥት መብራት አቅራቢዎችና የገጠር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ፈርመውታል። የዕድርን ነገር ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፦ አስቀድመው ተመዝግበው ይቆያሉ፤ አደጋ ሲመጣ የተጠራ ሁሉ ይመጣል። ልዩነቱ የመጣው ወገን የወጣበትን ትክክለኛ ወጪ መልሶ መጠየቁ ነው። ትርፍ የለበትም።

አጭር ሰነድ ነው፤ መወሰን ያለበት ግን አለው። ጥያቄውን የሚያቀርበውና የሚቀበለው በስም ማን ነው? የሰዓት ቆጠራው የሚጀምረው ቡድኑ ከገዛ ጋራዡ ሲነሳ ነው ወይስ ቦታው ሲደርስ? (ይህ ካልተጻፈ የመጀመሪያው ጠብ እዚህ ላይ ነው።) ሠራተኛ ቢጎዳ የማን ኢንሹራንስ ይከፍላል? ማደሪያና ምግብ የጠሪው ነው ወይስ የተጠሪው? ፌማ በቃል የተደረገ ስምምነትንም ሊቀበል ይችላል፤ በኋላ ሥልጣን ባላቸው ሰዎች ተፈርሞ በጽሑፍ እስከሰፈረ ድረስ።

ፕሬፓ ይህን እርዳታ በይፋ የጠየቀው ኦክቶበር 31 ነው፤ ማዕበሉ ከመታ ከ41 ቀን በኋላ፣ የደሴቲቱ ገዥ የዋይትፊሽ ውል እንዲሰረዝ ከጠየቁ ከሁለት ቀን በኋላ። የፕሬፓ ኃላፊዎች ለምን ቀድመው እንዳልጠሩ ሲጠየቁ፣ እንግዳውን ማሳደርና መመገብ የጠሪው ሸክም በመሆኑ፣ ተቋራጩ ግን ይህን ራሱ ስለሚችልና ትልቅ ቅድሚያ ክፍያ ስላልጠየቀ ነው ብለዋል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። የሚናገረው ግን ሌላ ነው፦ አልጋ፣ ምግብና የመኪና ማጓጓዣ ጀልባ አስቀድሞ በውል ያልተያዘለት የመረዳጃ ስምምነት በደሴት ላይ ግማሽ ስምምነት ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ የጎረቤት ከተማ መኪና በአስፋልት ይደርሳል፤ ወደ ሳን ሁዋን ግን ሠራተኛውን ወደ ምሰሶው ጫፍ የሚያነሳው ባለ ቅርጫት መኪና በጀልባ ተጭኖ ነው የሚሄደው።

የመስክ ወረቀቱ

ገንዘብ በብዛት የሚጠፋው በትልቁ ውል ላይ ብቻ አይደለም፤ መኪና ውስጥ፣ በዝናብ፣ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ በሚሞላው የቀን ወረቀት ላይም ነው። የፌማ ማጠቃለያ ቅጾች አምስት ናቸው፦ የራስ ሠራተኛ ጉልበት፣ የራስ መሣሪያ፣ ዕቃ፣ የኪራይ መሣሪያና የውል ሥራ። አምስቱም የሚሞሉት ከዚያች የቀን ወረቀት ነው። ስለዚህ መመዘን ያለባት እሷ ናት፤ ማጠቃለያውን በኋላ ማንም ሂሳብ ሠራተኛ ይሠራዋል።

የተሟላ የቀን ወረቀት ምን እንደሚመስል በምሳሌ እንየው። ከላይ ቀን፣ የቡድን መሪ ስም፣ የፊደሩ (ከማከፋፈያ ጣቢያ የሚወጣው መስመር) ቁጥርና ቡድኑን የላከው የሥራ ትዕዛዝ ቁጥር። ቀጥሎ ቦታው፦ ከምሰሶ ቁጥር እስከ ምሰሶ ቁጥር፣ ቁጥሩ ከነፋሱ ጋር ከሄደ የጂፒኤስ ነጥብ። ከዚያ የተሠራው፦ «2 ምሰሶ ባለ 45 ጫማ ክላስ 3 ተተከለ፤ 1 ትራንስፎርመር 25 ኪሎ ቮልት አምፔር ተቀየረ፣ የአሮጌውና የአዲሱ መለያ ቁጥር ተጽፏል፤ 3 ስፓን (ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ያለ ርዝመት) ሽቦ ተወጠረ።» ሰዓቱ፦ «5 ሰው፣ ለእያንዳንዱ 16 ሰዓት፤ ጉዞ 1.5፣ ዕቃ እስኪመጣ 2፣ ሥራ 12.5።» መሣሪያው በተለየ መስመር፦ «ባለ ቅርጫት መኪና፣ የሠራበት 9 ሰዓት።» ከሥር የቡድን መሪው ፊርማ፣ ከጎኑ ቦታው ላይ የነበረው የመብራት ኃይሉ ተቆጣጣሪ ፊርማ። ሁለቱም በዚያው ቀን።

ከዚህ ወረቀት ላይ የሚበላሸው ነገር ሁሌም ያው ነው። ሰው 16 ሰዓት ስለሠራ መኪናውም 16 ይጻፍለታል፤ የቆመ መሣሪያ ሰዓት ግን በአብዛኛው አይተካም። የራስ መኪና በፌማ የዋጋ ዝርዝር ሲጠየቅ ነዳጅና ጥገና በዋጋው ውስጥ አለ፤ የነዳጅ ደረሰኙን ደግሞ ለብቻው የሚያያይዝ ድርጅት አንዱን ወጪ ሁለት ጊዜ ጠየቀ ይባላል። የሾፌሩ ደመወዝ ግን በዚያ ዋጋ ውስጥ የለም፤ እሱን መርሳትም ያው ኪሳራ ነው። «የተለያዩ ጥገናዎች፣ ፖንሴ አካባቢ» የሚል ወረቀት ዋጋ የለውም፤ ኦዲተሩ ፖንሴ ሄዶ የሚያየው ምሰሶ ሊነገረው ይገባል።

ሰዓቱ የሚገባበት ምድብም ገንዘብ ነው። አስቸኳይ የመከላከል ሥራ ምድብ ለ ሲሆን፣ የመገልገያ መስመር ቋሚ ጥገና ምድብ ረ ነው (በእንግሊዝኛ ፊደላቸው ቢ እና ኤፍ)። በአስቸኳዩ ምድብ የራስ ቋሚ ሠራተኛ መደበኛ ሰዓት አይተካም፤ የሚተካው ትርፍ ሰዓቱ ብቻ ነው። በቋሚው ምድብ ሁለቱም ይተካሉ። አንድ ቡድን ጠዋት የወደቀ ሽቦ ከመንገድ አንስቶ ከሰዓት ምሰሶ ቢተክል፣ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ያስፈልገዋል። በአንድ መስመር ከተጻፈ በኋላ ለመለያየት የሚሞክር ሰው በግምት ነው የሚለያየው፤ ግምት ደግሞ ማስረጃ አይደለም።

የትርፍ ሰዓት መመሪያው ራሱ ማዕበሉ ከመምጣቱ በፊት የጸደቀና ለሁሉም ጊዜ የሚሠራ መሆን አለበት። «ፌማ ከከፈለ እጥፍ እንከፍላለን» የሚል መመሪያ ያለው ድርጅት ያቺን እጥፍ አያገኛትም።

ሽቦ መቀየርን በተመለከተ መዝገቡ በስፓን መያዝ አለበት። ጠቅላላ ሽቦው ይቀየር ወይስ ይጠገን የሚለው የሚወሰነው ከመስመሩ ክፍል ውስጥ ስንት በመቶው ስፓን ተበጠሰ፣ ተለጠጠ፣ ምሰሶው ዘመመ በሚል ቆጠራ ነው። ቆጠራው ደግሞ ከጥገናው በፊት ካልተሠራና ፎቶ ካልተነሳ በኋላ አይመለስም፤ የተጠገነ መስመር ስብራቱን አይናገርም። አንድ ሰው ካሜራና ዝርዝር ይዞ ከቡድኑ አንድ ቀን ቀድሞ ቢሄድ ከሁሉም ርካሹ ወጪ ይህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በስልክ የሚሞላ ቅጽ ጥሩ ነው፣ ኔትወርክ ሲኖር። ማሪያ የስልክ ማማዎቹን አብዛኛዎቹን ከሥራ ውጭ አድርጋ ነበር። ባለ ሦስት ቅጂ የካርቦን ወረቀት አሁንም በየመኪናው ሊኖር ይገባል፦ አንዱ ለቡድኑ፣ አንዱ ለተቆጣጣሪው፣ አንዱ ለሂሳብ ክፍል።

መጋዘኑ

ኢትዮጵያ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መጋዘን የሠራ ሰው ሁሉ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22ን ያውቃል፤ ዕቃ ሲገባ አንዱ፣ ሲወጣ ሌላው። በማዕበል ጊዜ የሚፈለገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ይጨመራል፦ በወጪው ሰነድ ላይ የሥራ ትዕዛዙ ቁጥር፣ በመስክ ወረቀቱም ላይ የወጪ ሰነዱ ቁጥር። ሁለቱ ከተያያዙ አንድ ትራንስፎርመር ከመርከብ እስከ ምሰሶ ይከተሉታል። የተረፈው ሲመለስ የመመለሻ ሰነድ ይቆረጣል፤ ይህ ከሁሉም በላይ የሚረሳው ነው፤ ከወጣው ላይ የተመለሰው ካልተቀነሰ የተጠየቀው ገንዘብ ከተተከለው ዕቃ ይበልጣል።

ፖርቶ ሪኮ ውስጥ የመጋዘን መዝገብ ነገር ምን ያህል እንደከፋ የታየው ጃንዋሪ 6 ቀን 2018 ነው። በየቦታው ዕቃ ጠፋ እየተባለ ሥራ ሲጓተት፣ የፌዴራል ሰዎች ከታጠቁ ጠባቂዎች ጋር ፓሎ ሴኮ የሚገኝ የፕሬፓ መጋዘን ገብተው ለጥገናው የሚያስፈልግ ብዙ ዕቃ አገኙ። ዕቃው ደሴቲቱ ላይ ነበር። የት እንዳለ ለሥራው ኃላፊዎች ሁሉ በአንድ ገጽ የሚያሳይ ዝርዝር ግን አልነበረም።

በመደርደሪያው ላይ መኖር የነበረበት

ከማዕበሉ ወቅት በፊት፣ ማለትም ከጁን 1 በፊት፣ እንዲህ ያለ ድርጅት አንድ ሳጥን ሊኖረው ይገባል። ከሁሉም አስቀድሞ የተጫረተና ዋጋው የታወቀ የተጠባባቂ ውል፣ ቢቻል ከሁለት ወይም ከሦስት ተቋራጭ ጋር፤ ተጠርቶ ካልመጣ የማይከፈልበት። ይህ ሲኖር ያለ ጨረታ መግዛት ራሱ አያስፈልግም። በውሉ ውስጥ የሰዓቱ ዋጋ በክፍሎቹ ተዘርዝሮ ይገባል፦ ደመወዝ፣ ጥቅማ ጥቅም፣ ጠቅላላ ወጪ፣ ትርፍ። የክፍያ ጣሪያውና የኦዲት መብቱ ያለ ምንም «በስተቀር» ይጻፋሉ። ተቋራጩ ንዑስ ተቋራጭ ሲያመጣ ዋጋው በራሱ ሠራተኛ ዋጋ ላይ ምን ያህል ሊጨምር እንደሚችል ይገደባል፤ በ227.88 እና በ319.04 መካከል ያለው ገደል የተፈጠረው ይህ ገደብ ስላልነበረ ነው።

ከውሉ ጋር የሚቀመጠው ባዶ የቀን ወረቀት፣ የትርፍ ሰዓት መመሪያው ቅጂ፣ የተፈረመው የመረዳጃ ስምምነት፣ የሆቴልና የጀልባ ውል እና አንድ ገጽ የግዥ ማስታወሻ ነው። ይህ ማስታወሻ ሁሉም የሚረሳው ነው። ለምን ይህ ተቋራጭ ተመረጠ፣ ሌላ ማን ተጠየቀ፣ ዋጋው ከምን ጋር ተነጻጸረ፣ በፌዴራል የታገዱ ዝርዝር ላይ በስንት ቀን ታየ፣ ማን ወሰነ የሚሉትን በዚያው ቀን ይመልሳል። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚጻፍ ማስታወሻ ምክንያት ሳይሆን ማመካኛ ይሆናል። የስልኩ ንግግር እንኳ በማስታወሻው ላይ ሰዓቱና ስሙ ከሰፈረ ለኦዲተር ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ

የፕሬፓ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኖቬምበር 17 ቀን 2017 ሥራ ለቀቁ። ከሦስት ቀን በኋላ ዋይትፊሽ 83 ሚሊዮን ዶላር ያህል አልተከፈለኝም ብሎ ሥራ አቆመ። መብራቱ ለመጨረሻዎቹ ደንበኞች የተመለሰው በኦገስት 2018፣ ከ11 ወር ገደማ በኋላ ነው። የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር በ2020 ባወጣው የኦዲት ሪፖርት የዋይትፊሽም፣ ኮብራ የሚባለው የሌላው ተቋራጭም ውሎች የፌዴራልን ሕግና መመሪያ ሙሉ በሙሉ እንዳላሟሉ ጻፈ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ፌማ መስመሩን መልሶ ለመገንባት ለፕሬፓ 9.6 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ ይህም ቢሆን በየፕሮጀክቱ የሥራ ዝርዝር እየቀረበ የሚለቀቅ ነው።

ኮብራ ኦክቶበር 19 ቀን 2017 በ200 ሚሊዮን ዶላር የጀመረው ውል እስከ 945 ሚሊዮን አደገ፤ በ2018 ሁለተኛ፣ የ900 ሚሊዮን ውል ተጨመረለት። ያልተከፈለው ደረሰኝ ክርክር እስከ 2024 ዘልቆ በ188.4 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ከዚህ ውስጥ 20 ሚሊዮኑ የሚከፈለው ፕሬፓ ማዕበሉ ከመምጣቱ ከሁለት ወር በፊት ከገባበት ኪሳራ ሲወጣ ነው።